ፈንግሉን የት አስገባኸው?

ከአዲስ አበባ የተነሣ ወሬ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ እንደ ተነሣ አይገኝም። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ሰው በረሃውን ሲሻገር ይጠወልጋል፤ ወሬ ግን ይሰባል። ደጀን ላይ ብቅ ሲል የፋሲካ ሰንጋ ያክላል።

ይህን በግምት አይደለም የምለው። ሂሳብ ሳስተምር ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አንድ ቀን ፈተና ስጠብቅ በተረፈ ወረቀት ጀርባ ላይ አስልቼዋለሁ። አንድ አክሲዮን 300 ብር ያወጣል የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ ተነሣ እንበል። በየከተማው አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ጨዋ ሰው፣ አሥር በመቶ ብቻ ጨምሮ ለቀጣዩ ያቀብላል። ደጀን ላይ 330 ይሆናል። ሉማሜ ላይ 363። እኛ ዘንድ ደብረ ማርቆስ 399 ከምናምን ሳንቲም ሆኖ ይገባል። አማኑኤል 439፣ ደምበጫ 483፣ ፍኖተ ሰላም 531፣ ቡሬ ላይ 585 ገደማ። ሰባት ከተማ፣ ሰባት ጨዋ ሰው፤ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የዋሸ የለም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የጨመረው።

ለዚህ የሂሳብ ሰዎች አቋራጭ አላቸው። 72ን ለጭማሪው መቶኛ አካፍል፤ ነገሩ በስንት ዙር እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሃል። በየዙሩ አሥር በመቶ የሚጨምር ነገር በ7.2 ዙር እጥፍ ይሆናል። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣልያናዊ መነኩሴ በ1494 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ ይህችን ዘዴ ጽፏታል። ፓቾሊ ቡሬን አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ምሳሌውን ከእኛ መንገድ ይወስድ ነበር።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል ተረቱ። እኛ ዘንድ መላው ቀርቶ መጨመሩ ብቻ ነው የዘለቀው።

በ2015 ነሐሴ ላይ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መቼም ከክፉ ነገር በጎ ይፈለጋል፣ ወሬው ይቀንሳል ብዬ ነበር። አልቀነሰም። በመናኸሪያ በኩል መጣ። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ ከሻንጣው ጋር አንድ የአክሲዮን ወሬ፣ አንድ የዶላር ወሬ ይዞ ይወርድ ነበር። ኢንተርኔት በነበረ ጊዜ ቢያንስ አንዱ ውሸት ሌላውን ውሸት ይቆጣጠረው ነበር፤ ያኔ ያም ቀረ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አውቶቡሱ ይቆማል እንጂ ወሬው መጓዙን አይተውም፤ በየት በኩል እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

የእኛ ቤት ወሬ አስመጪ የእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ይማራል፤ ለበዓል ሲመጣ ስልኩን እንደ ጽላት አቅፎ ነው የሚገባው። በ2016 ክረምት ስልኩ ላይ ያለችውን፣ በነኳት ቁጥር ሳንቲም ትሰጣለች የተባለችውን የጨዋታ ሃምስተር ሲነካ ከረመ። እናቴ ‘ያቺ አይጥ’ ነበር የምትላት። ሌሊት ስትነሣ የልጁ አውራ ጣት በብርድ ልብሱ ሥር ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ‘ይህ ልጅ መቁጠሪያ የያዘ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር’ አለችኝ። ሲነካ፣ ሲነካ፣ ከዓለም ጋር አብሮ ሲነካ ቆይቶ የአይጧ ሳንቲም የሚታደልበት ቀን ደረሰ። መስከረም 16 ቀን 2017 ነው፤ የደመራ ዕለት። ችቦ ሊያስር የወጣ ልጅ ሁሉ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። የእሱ ክረምት ሲደመር አሥር ዶላር አልሞላም። ሳንቲሟ በወጣች ሰዓት የአንድ ዶላር መቶኛ ያህል ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ወረደች። አይጥ አይደለች? ጉድጓዷን አትረሳም።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ግን በአንድ ክረምት አይመለስም። ለገና ሲመጣ ጨዋታው ተለውጦ ነበር። አሁን መንካት የለም፤ አሁን ‘ኢንቨስት’ ነው። እናቴ ቡና እያፈላች፣ አቦሉ ሳይወርድ ጀመረ።

“እማዬ፣ አንድ ሺህ ብር አለሽ እንበል።”

“የለኝም።”

“እንበል ነው ያልኩት።”

“እንበል ካልክስ ለምን ሁለት ሺህ አትለውም?”

“እሺ አንድ ሺህ ይሁን። በቀን አንድ በመቶ ብቻ ያተርፋል። አሥር ብር ማለት ነው። ነገ ግን ያቺ አሥር ብር አብራ ትሠራለች። ከነገ ወዲያ የአሥሯ ብር ልጅ ትሠራለች፤ ከዚያ የልጅ ልጇ። ዓመት ሲሞላ ስንት የሚሆን ይመስልሻል?”

እናቴ ወደ እኔ አየች። የሂሳብ መምህር ነኝና ማስላት ጀመርኩ።

“37 ሺህ 783 ብር!” አለ ልጁ፣ ራሱ የወለደው ይመስል።

በልቤ አስልቼ፣ ኋላም በወረቀት አረጋግጬ፣ ልክ ነው። ስህተት የለበትም። ይህ ነው የሚያናድደው። በቴሌግራም ላይ የሚዞረው ነገር ሁሉ ውሸት ቢሆን ሥራዬ ቀላል ነበር፤ ማባዛቱ ግን ሁልጊዜ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሥር የአንስታይን ፎቶ ይለጠፋል፤ የወለድ ወለድ የዓለም ስምንተኛው ድንቅ ነው ብሏል ይባላል። አንስታይን ይህን የት እንዳለ እስካሁን አግኝቶ ያሳየ የለም። እሱም እንደ አክሲዮኑ በየከተማው የተጨመረበት ሰው ነው።

“ራሳችሁ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትሉ የለ?” አለ የእህቴ ልጅ። ተረቱን ከአያቱ አፍ ነጥቆ ለቴሌግራም ጠበቃ አደረገው።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። “እኔም በአንዲት ዶሮ ጀምሬ ነበር” አለች። “ያኔ እናትህ ገና አልተወለደችም። አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቀፍኳት። ዘጠኝ ፈለፈለች፤ ሁለቱን ጭላት ወሰደብኝ። ሰባቱ አደጉ። ከሰባቱ አራቱ ሴቶች ሆኑ፤ እነሱን ደግሞ አስታቀፍኳቸው። ምን ልበልህ፣ በዓመቱ ጓሮው ሞላ። እኔም እንዳንተ ሌሊት እየቆጠርኩ አድር ነበር። ከዶሮው በግ፣ ከበጉ ጊደር፣ ከጊደሯ ወተት። አጎትህን ከነጫማው ትምህርት ቤት ልልከው አስቤ ነበር።”

“አየሽ! ይሄው እኮ ነው የምልሽ!”

“ከዚያ ፈንግል ገባ።”

“እ?”

“ፈንግል። የዶሮ በሽታ። ሰኞ አንዷ አንገቷን አጣመመች። ቅዳሜ የሚጮህ አውራ ዶሮ እንኳ አልነበረም።” ቶናውን ቀዳች። “አሁን ይህ በቀን አንድ የምትለው፣ ፈንግሉን የት አስገባኸው?”

ልጁ ትንሽ አሰበ። “ፈንግል የለውም” አለ። “ዲጂታል ነው።”

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በጠመኔ ያላስረዳሁትን እናቴ በአንድ ስኒ ቡና አስረዳችው፤ እሱ አልሰማም እንጂ። መደመር ውስጥ አንድ ክፉ ቀን የሚወስደው የራሱን ድርሻ ነው። 364 ቀን አሥር አሥር ብር ብታገኝና በ365ኛው ቀን አንድ መቶ ብር ብትከስር፣ መቶውን ቀንሰህ ትኖራለህ። ማባዛት ግን እንዲህ አይደለም። 364ቱን ቀን በደስታ ስታባዛ ከርመህ በመጨረሻው ቀን አንዲት ዜሮ ከገባች፣ ዓመቱን ሙሉ ይዛው ትሄዳለች። ከፊት ትግባ፣ ከመሐል ትግባ፣ ከኋላ ትግባ፣ ለእሷ ለውጥ የለውም። በቀን አንድ በመቶ የሚያወሩት ሰዎች ሁሉ 365ቱን አንዶች በጥንቃቄ ይደረድራሉ። ለዜሮዋ ወንበር አይሰጧትም። እሷ ቆማም ቢሆን ትመጣለች።

በማግሥቱ ጠዋት ለብቻው ያዝኩት።

“እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ስንት አስገባህ?”

“አሥር ሺህ። ግን አትራፊ ነኝ ጋሼ። በመጀመሪያው ወር መቶ በመቶ አደገ። በሁለተኛው ወር ስልሳ በመቶ ወረደ። በአማካይ በወር ሃያ በመቶ አትርፌያለሁ።”

“ጎበዝ። አሁን ስንት አለህ?”

“ስምንት ሺህ።”

ፊቱ ላይ ምንም ዓይነት ቅሬታ አልነበረም። አማካዩ ሃያ በመቶ ትርፍ ይላል፤ ኪሱ ሁለት ሺህ ብር ኪሳራ ይላል፤ ልጁ የሚያምነው አማካዩን ነው። አሥሩ ሺህ እጥፍ ሆኖ ሃያ ሺህ ሆነ፤ ከሃያው ሺህ ስልሳ በመቶው አሥራ ሁለት ሺህ ሄደ። መቶው ሲያድግ ያደገው በትንሹ ብር ላይ ነው፤ ስልሳው ሲወርድ የወረደው በትልቁ ላይ ነው። መቶኛ እንዲህ ያለ ሸፋጭ ነው፤ ሲሰጥህ ከትንሹ ይሰፍራል፣ ሲወስድብህ ከትልቁ።

በዓባይ በረሃ አስረዳሁት። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ትሻገራለህ፣ የወረድከውን ያህል ሽቅብ ትወጣለህ፣ ደጀን ትደርሳለህ። ዓባይ ታማኝ ነው፤ የወሰደብህን ከፍታ በዚያኛው በኩል ይመልስልሃል። በመቶኛ የተሠራ ዓባይ ቢኖር ግን ሃምሳ በመቶ ወርደህ ሃምሳ በመቶ ብትወጣ ደጀንን ከሩቅ እያየህ ገደሉ ወገብ ላይ ትቀራለህ። ደጀን ለመግባት መቶ በመቶ መውጣት አለብህ። ዘጠና በመቶ የወረደ ደግሞ ዘጠኝ መቶ በመቶ መውጣት ይኖርበታል፤ ያ ዳገት አይባልም፣ ዕርገት ነው።

“ገባኝ” አለ። “ስለዚህ አሁን ዋጋው ሲወርድ ጨምሬ ልግዛ?”

ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር የሚያስቆጣኝን ያህል አልፈርድበትም። የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው ያኔ ሰባት በመቶ ነበር። 72ን ለሰባት ሳካፍለው ብሬ እጥፍ እስኪሆን አሥር ዓመት ከሦስት ወር ያህል እጠብቃለሁ። የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከሠላሳ በመቶ በላይ የሄደበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ፍጥነት ቢዘልቅ ዕቃ ሁሉ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የእኔ ብር አንድ ጊዜ እስኪያጥፍ በርበሬው አራት ጊዜ አጥፎ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ይህን ያየ ወጣት በቀን አንድ በመቶ የሚል ወሬ ሲሰማ ጆሮው ቢቆም ምን ይደንቃል? የእኔም ጆሮ ቆሟል። ያሳፈረኝ ስለሆነ ነው እስካሁን ያልጻፍኩት፤ እመለስበታለሁ።

ደግሞ የወለድ ወለድን እኛ ከቴሌግራም አልተማርነውም። ያወቅነው ከታች ሆነን ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዳዊት ይደግም ነበር እንጂ ሂሳብ አልተማረም፤ አራጣ ግን ያውቅ ነበር። በወር አሥር በመቶ የሚታሰብ አንድ ሺህ ብር፣ ወለዱ እየተጨመረበት ሲከርም፣ በዓመቱ 3 ሺህ 138 ብር ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች በዓመት ከአሥራ ሁለት በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋሉ ከልክሏል፤ አራጣ አበዳሪ ግን በሐምሌ ጭቃ ሲመጣ ሕጉን ይዞ አይመጣም። አባቴ ቁጥሩን ሳይጽፍ ያውቀው ነበር፤ በሐምሌ የተበደራት አንዲት ቁና በጥር አውድማ ላይ ስንት ሆና እንደምትቆመው አይስተውም ነበር።

አንድ ነገር ልብ ያልኩት ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ነው። አራጣ አበዳሪው ፈንግል የለበትም። በረዶ ይዝነብ፣ ተምች ይውረድ፣ በሬ ይሙት፣ የእሱ አሥር በመቶ ትቆጠራለች። ፈንግሉ ሁሉ የተቀመጠው ተበዳሪው ቤት ነው። ምንም ዓይነት ፈንግል የማይነካው ትርፍ የሚነግሩኝ ሰዎች ሲመጡ እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነው፤ በማን ጓሮ ነው ያስቀመጣችሁት?

አሁን ወደ ጆሮዬ ልመለስ።

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው አሥር በመቶውን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበር፤ ከ3,333 በላይም እንዲሁ። ግዢው በቴሌብር ነበር። ይህ ወሬ አይደለም፤ የታወጀ ነገር ነው። ወሬው የተነሣው ቀጥሎ ነው። ‘ሊያልቅ ነው።’ ሁለት ቃል። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ እስከ መምህራን ማረፊያ የሚሰማው እሱ ነበር። ሊያልቅ ነው። ለባለሥልጣን ዘመድ ተይዟል። ዲያስፖራው ጠቅልሎ ሊወስደው ነው። በሳምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ባልደረባዬ፣ ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው፣ ‘ከእንግዲህ ብትሮጥም አትደርስበትም’ ብሎ አዘነልኝ።

ታኅሣሥ ላይ እህቴ ዘንድ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ 72ን ለዚህም ለዚያም ሳካፍል አመሸሁ፤ ሲነጋ የእህቴን ልጅ ስልክ አጠገቤ አድርጌ፣ በራሴ ቴሌብር፣ 33 አክሲዮን ገዛሁ። 9,900 ብር። ትንሿን። ለዓመታት ያስተማርኩትን ሁሉ ያፈረስኩት ‘ሊያልቅ ነው’ በሚል ሁለት ቃል ነው።

አላለቀም። ሽያጩ ታኅሣሥ 25 ያበቃል ተብሎ እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ የገዛነው 47,377 ሰዎች፣ ብሩ 3.2 ቢሊዮን። ሊያልቅ ነው ከተባለው ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ተቀምጦ ነበር። የፊዚክሱን መምህር ቁጥሩን ነገርኩት። ‘እሱማ ለእኛ የሚነግሩን ነው’ አለ፣ ሻዩን እያማሰለ።

የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። አክሲዮኑ ያኔ ገና ገበያ ላይ ወጥቶ አልተሸጠም፤ አልተለወጠም ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን በየቀኑ ዋጋ ነበረው። ጠዋት 450፣ ከምሳ በኋላ 500፣ ዝናብ ካካፋ 480። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ አዲስ አበባ ላይ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዘገበበት። የእኛው መናኸሪያ ከዚያ በፊት ሥራ ጀምሮ ነበር።

የእህቴ ልጅ ‘በታሪካችን የመጀመሪያው’ ሲል አንድ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይሸጥ ይለወጥ እንደነበር ነገሩት።

“ታዲያ ምን ነካው?” አለ ልጁ።

“ደርግ መጣ።”

እናቴ ከጓዳ ሆና “ፈንግል!” አለች።

የእኔ ነገር ግን በ33ቱ አላበቃም። ከአዲስ አበባ ስመለስ ኪሴ ባዶ ነው፤ ሰፈራችን ካለው ባለሱቅ ስኳር በዱቤ ወሰድኩ። ያልለመደብኝ ስለሆነ ደነገጠ። “ምነው የኔታ፣ ሰላም?” አለኝ። እንዳይከፋው ብዬ “ያለችኝን አክሲዮን ገዝቼባት ነው” አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ስንት ብሎ ጠየቀኝ፤ 33 አልኩት። የተናገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። ታማኝ ሰው ነው።

ጥር አጋማሽ ላይ ከቡሬ ስልክ ተደወለ። የአባቴ ዘመድ ነው፤ ከአባቴ ተዝካር ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

“እንኳን ደስ ያለህ!” አለኝ።

“በምን?”

“አትደብቅ እንጂ። 3,333 አክሲዮን መግዛትህን ሰምተናል። ሚሊዮን ሊሞላልህ መቶ ብር ብቻ ነው የቀረህ አሉ። ብትነግረኝ እኮ መቶዋን እኔ እሞላልህ ነበር።”

ሂሳቡ ልክ ነው። 3,333 ጊዜ 300፣ 999,900 ብር። እንዳልኩት ነው፤ ማባዛቱ ሁልጊዜ ልክ ነው።

33 እንጂ 3,333 አይደለም አልኩት። ሳቀ። አባቴም ያለውን የማይናገር ሰው እንደነበር አስታወሰኝ። ከዚያ ባጃጅ ሊገዛ መሆኑን፣ ሃምሳ ሺህ ብር እንደጎደለው፣ ዘመድ ለዚህ ካልሆነ ለምን እንደሚፈጠር ነገረኝ። የለኝም ስለው ድምፁ ቀዘቀዘ። “ይሁን፤ ብር ሲመጣ ሰው ይለወጣል ሲሉ እሰማ ነበር” ብሎ ዘጋው።

ወረቀት አነሣሁ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ አራት ከተማ ነው። 33 ሆኖ ተነሥቶ 3,333 ሆኖ ለመግባት በየከተማው ከሦስት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። አማኑኤል ላይ 105፣ ደምበጫ 332፣ ፍኖተ ሰላም 1,051፣ ቡሬ 3,333። ጨዋ ሰው አሥር በመቶ ብቻ ይጨምራል ብዬ ስጀምር የጻፍኩትን አንባቢ ይሰርዝልኝ።

ማታ ለእናቴ አወራኋት። ወረቀቱን አሳየኋት፤ በየከተማው እንዴት እንዳደገ በጣቴ እየተከተልኩ አስረዳኋት፤ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በረካውን ቀዳች፣ ስኒውን አቀበለችኝ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከሰሉን ስትቆሰቁስ ቆየች።

“ለቡሬ ሰው ባትነግርስ ደግ” አለች በመጨረሻ፤ “ለእናትህ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?”